ከጋቢናው የማይወርደው አሠልጣኝ

ማኑሄ ሰው ሲሳሳት እያየ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። ጎረቤት አጥር ሲያጥር ካየ «ጠመመብህ» ይላል። ታክሲ ተሳፍሮ የሾፌሩ ማርሽ አቀያየር ካልጣመው ከኋላ ወንበር ሆኖ «ፍሪሲዮኑን አጥብቀህ እርገጥ እንጂ! ማርሹን ልትበላው ነው!» ብሎ ይጮኻል። በዚህ የተነሳ ከቄራ መካኒሳ የሚሠሩ አንዳንድ ወያላዎች ገና ከሩቅ ሲያዩት «ሞልቷል ጋሼ» ይሉት ነበር፤ ታክሲው ባዶውን እየሄደ።

ነገሩ ከሙያው የመጣ ነው። በቀድሞው ጦር ውስጥ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች አሠልጣኝ ነበር። የጎልማሳነት ዘመኑን የጨረሰው ከሾፌር በስተቀኝ ተቀምጦ፣ አንድ እጁን ወደ መሪው አሰናድቶ ነው። ምልምሎቹ ከየገጠሩ የመጡ፣ ብዙዎቹም ከዚያ በፊት መኪና ተሳፍረው የማያውቁ ነበሩ። እየጮኸ፣ እየተሳደበ፣ ሲብስበትም ማጅራታቸውን በጥፊ እያለ ያሠለጥናቸዋል። መንዳት ሲችሉ ስንቅና ጥይት ይጫንላቸውና ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ወሬያቸው የለም። «እገሌ ደረሰ» ወይም «እገሌ ገደል ገባ» ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። ሌሎች ምልምሎች ይመጡለታል፤ እሱም እንደገና ከፍሪሲዮን ይጀምራል።

ጦሩ በሰማንያ ሦስት ዓ.ም. ሲበተን አንድ ሻንጣ ይዞ መካኒሳ አቦ፣ እህቱ አፀደ ቤት ገባ። አፀደ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር ከአንድ ልጇ ጋር ትኖራለች። ማኑሄ የመጣው ለትንሽ ጊዜ ነበር። የከተማውን የመንጃ ማሠልጠኛዎች አንድ በአንድ ዞረ። የቀድሞ ወታደር መሆኑን ሲሰሙ «እንጠራዎታለን» ይሉታል፤ አይጠሩትም። አንዱ ጋ ለሙከራ ቢቀበሉት የመጀመሪያ ተማሪውን፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛ፣ መሪ ላይ እንደተቀመጠች አስለቀሳት። ከምሳ በኋላ እንዳይመለስ ተነገረው።

«ያለቀሰችው እኮ ስለነገርኳት አይደለም» አለ ማታ ለእህቱ፣ «ከዚያ በፊት ማንም ስላልነገራት ነው።»

እንዲህ እየተባለ ዓመታት አለፉ።

በሰማንያ ስምንት የአፀደ ልጅ ሚካል የመንገድ ዳሩን ክፍል ጌም ቤት አደረገችው። ሚካል አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ውጤት ሳይመጣላት ቀርቶ፣ ሥራ በመፈለግ የሰነበተች ወጣት ናት። ቤይሩት የምትሠራ የአክስቷ ልጅ ለዕረፍት ስትመጣ አንድ ሴጋ የሚባል የቴሌቪዥን መጫወቻ ማሽንና ጥቂት የጨዋታ ካሴቶች አመጣችላት። ቴሌቪዥኑ ከሳሎን ወጥቶ ወደዚያ ክፍል ገባ፤ አፀደ አኩርፋ ከረመች። ሰፈሩ ግን ጎረፈ። የጋራዥ ሠራተኛው፣ ወያላው፣ ተማሪው፣ ሥራ ፈላጊው ሁሉ አግዳሚው ላይ ተደርድሮ ተራ ይጠብቃል። በተራ የተነሳ ድብድብ ሲመጣ አፀደ ወደ ወንድሟ ሄደች።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ በር ላይ ብትቀመጥ ይፈሩሃል።»

ማኑሄ ከጦሩ የተረፈችውን ኮቱን ለብሶ በር ላይ ተቀመጠ። እውነትም ፈሩት። እሱ ግን ቤቱን ጠልቶታል። ጣቱን ብቻ እያሠራ ቀኑን የሚገፋ ጎረምሳ ማየት ያመዋል።

ከካሴቶቹ መካከል ሰፈሩ ያበደበት አንድ ነበር። አንድ ወጣት ጎራዴ ይዞ ተራራ ይወጣል። ገና ሲጀምር ከአንድ ጎባጣ ዛፍ ሥር ቅንድቡ ጉንጩ ላይ የወረደ ሽማግሌ በትር ይዞ ይጠብቀዋል። አስተማሪው ነው። ሽማግሌው አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከእግር በኩል ይሰነዝራል። ተጫዋቹ ካልመከተ ይወድቃል። ሲወድቅ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ እጁን ይዘረጋለታል፤ ያነሳዋል። ያኔ ከታች በእንግሊዝኛ «ድገም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ከዚህ ሌላ ምንም አይልም። ተጫዋቾቹ «ጋሼ ድገም» ብለው ስም አወጡለት።

ማኑሄ ይህን ሲያይ ደሙ ይፈላል።

«ምን ዓይነት አስተማሪ ነው ይሄ?» አለ አንድ ከሰዓት በኋላ። «የቱ ጋ እንደተሳሳተ አይነግረውም? ዝም ብሎ ድገም፣ ድገም!»

«ይነግረዋል እንጂ» አለ ተራ የሚጠብቀው ሮበሌ።

ሮበሌ ሠላሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ቤተሰቦቹ ከተማው እነሱ ጋ ሳይደርስ ጀምሮ እዚያው መካኒሳ መሬት ላይ የሚያርሱና ከብት የሚያረቡ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ላሞቹን አልቦ ወተት ለየቤቱ ያደርሳል፤ አፀደ ቤትም ያደርሳል። ከሰዓት በኋላ ጌም ቤት ይመጣል።

«መቼ ነገረው? አፉ ሲንቀሳቀስ አላየሁም።»

«በትሩን ከማንሳቱ በፊት ትከሻውን ይዩት። ከላይ ሊመታ ሲል ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል። በእግር በኩል ሲሆን ደግሞ ደረቱ ትንሽ ይነፋል። እሱን እስክናይ ነው የሚጠብቀን።»

«ታዲያ ‹ትከሻዬን እይ› ቢለው ምኑ ይጎድልበታል?»

ሚካል ሳቀች። «ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ‹አንተ ደንቆሮ ትከሻዬን እይ› ነበር የምትለው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ክርክሩ ጦፈ። አንዱ የጋራዥ ሠራተኛ፣ ዋናዋ አስተማሪ የአውሮፕላኑ ካሴት ላይ ያለችው ሴትዮ ናት አለ፤ በራዲዮ «ከግራህ መጡ፣ ዝቅ በል» እያለች አንድም ሳታስቀር ትናገራለች። ሌላው ደግሞ የዋሻው ካሴት ላይ ያለችው እንቁራሪት ትበልጣለች አለ። እንቁራሪቷ መንገድ ታሳያለች፤ ግን አንዴ ሆን ብላ ታሳስታለች፤ ከዚያ ወዲያ ተጫዋቹ ማንንም አምኖ ዘሎ አይገባም።

«ሴትዮዋ ናት!» አለ ማኑሄ ጉልበቱን መትቶ። «አስተማሪ ማለት እሷ ናት! አደጋው ሳይመጣ ትናገራለች።»

«ሦስተኛው ደረጃ ላይ ራዲዮዋ ይቋረጣል እኮ ጋሼ» አለች ሚካል። «ሁሉም ሰው እዚያ ነው የሚሞተው። ያለሷ መብረር የሚያውቅ የለም።»

ማኑሄ «እንግዲህ ራዲዮኑን ይጠግኑ!» ብሎ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ነገሩ ግን ከልቡ አልወጣም። በማግስቱ ጠዋት ሰው ሳይገባ «ማሽኑ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ ቁጭ አለ። ባለቁልፉ መጫወቻ ጆይስቲክ በትልልቅ እጆቹ መሐል ጠፋ። ሽማግሌው በትሩን አነሳ። ማኑሄ ወደቀ። ተነሳ፤ ወደቀ። ጣቱ የፈለገውን ቁልፍ ትቶ ሌላውን ይጫናል። ትከሻውን ሲያይ ቁልፉን ይረሳል፤ ቁልፉን ሲያስታውስ በትሩ አናቱ ላይ ነው። ያ ቅንድባም ሽማግሌ ደግሞ በመጀመሪያው ጊዜ እንደዘረጋው አድርጎ እጁን ይዘረጋል፤ ፊቱ አይለወጥም፤ አይሰለቸው፣ አያፌዝ።

«ሰድበኝ!» አለው ማኑሄ ቴሌቪዥኑን። «ቢያንስ ሰድበኝ!»

በዚያው ሳምንት ጆይስቲኩን ግድግዳው ላይ ወረወረው። ሚካል እየሮጠች ገብታ ስብርባሪውን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ጋሼ፣ ያለኝ ሁለት ነው እኮ! እንጀራዬ ነው!»

ማኑሄ አፈረ። ይቅርታ ማለት ስለማይችልበት ቀኑን ሙሉ በፕላስተርና በሽቦ ሲጠጋግነው ዋለ። ቀኙ ቁልፍ ግን ከዚያ በኋላ ጠንክረው ካልተጫኑት እሺ አይልም ነበር፤ ተጫዋቾቹም በተራቸው ሲያማርሩ ከበር ሆኖ ይሰማል።

ሮበሌ ወተት ሊያደርስ ሲመጣ ነበር ያገኘው፤ የተጠገነውን ጆይስቲክ ይዞ ብቻውን ከሽማግሌው ጋር ሲታገል። ጣሳውን አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ። ምንም አላለም፤ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያል። ማኑሄ ሲወድቅ ሮበሌ ትንፋሹን ያስወጣል። ማኑሄ ሊመክት ጥቂት ሲቀረው ሮበሌ አንገቱን ይነቀንቃል። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ወተት ባመጣ ቁጥር እንዲሁ ይቀመጥ ነበር። ማኑሄ አንዳንዴ ተስፋ ቆርጦ «እንካ አንተ አሳልፍልኝ» ብሎ ጆይስቲኩን ይሰጠዋል፤ ሮበሌ አይቀበለውም።

«እኔ ባሳልፍልዎ ያለፍኩት እኔ ነኝ።»

ቀስ በቀስ የማኑሄ ዓይን የሽማግሌውን ትከሻ መያዝ ጀመረ። አንድ ጠዋት ከላይ የመጣውን መከተ፤ ከጎን የመጣውን መከተ፤ ሽማግሌው በትሩን ዝቅ አድርጎ ሊሰግድ ሲል መብራት ሄደ። ማኑሄ ጨለማው ቴሌቪዥን ፊት ደርቆ ቀረ። ካሴቱ የደረሱበትን ቦታ አይዝም፤ መብራት ሲመጣ እንደገና ከዛፉ ሥር ነው። መብራት ኃይልን ከነዘር ማንዘሩ ረገመ፤ ሮበሌ አብሮት «ልክ ነው» አለ።

ጾመ ፍልሰታ ሊገባ አካባቢ ማኑሄ የሽማግሌውን ፈተና አለፈ። ወደ ተራራው የሚያስገባው የጨዋታው በር ሲከፈት ከመቀመጫው ተነሳ። ሽማግሌው አሁን ከፊት ከፊቱ ይሄዳል፤ መሬቱ ውስጡ ባዶ የሆነበት ቦታ ሲደርስ በበትሩ ይነካና ያሳየዋል። ማኑሄ በደስታ «አሁን ገና አስተማሪ ሆነ! አየህ? አሁን እየተናገረ ነው!» አለ። ሮበሌ ግን ፈገግ አላለም፤ ሚካልም ከበሩ ሆና ታያለች።

የገመድ ድልድይ ደረሱ። ከኋላ ጠላቶች መጡ። ሽማግሌው ተማሪውን ወደ ድልድዩ ገፋው፤ ራሱ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ተማሪው ሲሻገር ሽማግሌው ገመዱን በጠሰው። ድልድዩ ወደቀ። ከወዲያ ማዶ በትሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ብላ ታየች፤ ከዚያ ጠፋች።

ማኑሄ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ይጫናል። ተጫዋቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለበት ከመርገጥ በቀር አይንቀሳቀስም።

«እንዴት ነው የሚመለሰው?»

«አይመለስም ጋሼ» አለች ሚካል።

«እሱን ማዳኛ መንገድ ይኖራል። የቱ ቁልፍ ነው?»

«የለም። ሁሉም ሞክሮታል።»

«ታዲያ ለምን ገደሉት? ይሄን ያህል ከለፋ በኋላ?»

ሚካል ትከሻዋን ሰበቀች። «እሱ ካለ ማን ብቻውን ይጫወታል? ሁሉም እሱን እያስቀደመ ከኋላ ከኋላው ነው የሚሄደው።»

«ይሄ ትምህርት አይደለም!» ጆይስቲኩን አስቀመጠ፤ በቀስታ ነበር፣ እጁን ከመወርወር ከልክሎ። «የሠራው ሰው ሽማግሌውን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነው የገደለው። እንዳረጀ በሬ!» ማሽኑን አጥፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያን ካሴት አልነካውም።

ክረምቱ ሲወጣ የሮበሌ አባት ኦቦ ነገሪ አሮጌ አይሱዙ ገዙ። የግጦሽ መሬታቸው በየዓመቱ እየጠበበ ነበር፤ አብዛኞቹን ከብቶች ሸጠው ነው የገዙት። ሾፌር ቀጠሩ፤ ሾፌሩ ደህናውን ጎማ እየፈታ በአሮጌ ሲለውጥ ተያዘና ተባረረ። ኦቦ ነገሪ ከዘራቸውን ይዘው አፀደ ቤት መጡ።

«ማኑሄ፣ ሙያው አለህ ይሉኛል። መኪናም እንደ ላም ነው፤ የራስ ሰው ካላለባት ትነጥፋለች። ልጄን አስተምርልኝ።»

ጦሩ ከተበተነ ወዲህ ማኑሄን እንዲህ ብሎ የለመነው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን አስተኩሶ ወጣ።

ወደ ለቡ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነበር የጀመሩት። ሮበሌ መኪናውን ሲያስነሳ ዘላ ቆመች። እንደገና አስነሳ፤ ዘላ ቆመች።

«ፍሪሲዮን! ቀስ ብለህ ልቀቅ አልኩህ እኮ፣ አንተ ከብት!»

ሮበሌ ሞተሩን አጠፋ። «እኛ ቤት ከብት ስድብ አይደለም» አለው በለሆሳስ።

ማኑሄ በዚያ ቀን ማታ እህል አልበላም። ልጁ ያን ሁሉ ጠዋት አጠገቡ ተቀምጦ አንድም ክፉ ቃል እንዳልወጣው ያውቃል። በማግስቱ አንድ ረጅም መፋቂያ ቆርጦ መጣ፤ ስድብ አፉ ላይ ሲደርስ ይነክሰዋል። የመጀመሪያው መፋቂያ ሜዳውን ሁለቴ ሳይዞሩ ተፍረክርኮ አለቀ። ሲብስበት ከመኪናው ወርዶ ሜዳው ላይ ብቻውን ይጮህና ተመልሶ ይገባል። ሮበሌ መሪውን ይዞ ይጠብቀዋል።

ተማረ። ትከሻ ማንበብ የለመደ ሰው የሞተር ድምፅ ማንበብ አያቅተውም። ማርሹን በጆሮው መቀየር ጀመረ፤ ዳገት ላይ ሳያንሸራትት ማስነሳት ቻለ። የማኑሄ አፍም ከሞላ ጎደል ተገራ። እጁ ግን አልተገራም። ከፊት አንድ አህያ ብቅ ባለ ቁጥር ግራ እጁ ብድግ ብሎ መሪው ላይ ያርፋል። «ልማድ ነው» ይላል። ሮበሌም «ግድ የለም» ይላል።

ሮበሌ ፈተናውን አለፈና ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ አገኘ። ኦቦ ነገሪ በግ አርደው ማኑሄን ከጎናቸው አስቀመጡት። ሁሉም ነገር እዚያ ያበቃል ተብሎ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሮበሌ መኪናውን ሊያስነሳ ሲወጣ ማኑሄ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል።

«ለመጀመሪያው ጉዞ ልሸኝህ።»

ለሁለተኛውም ሸኘው። ወደ ሰበታም፣ ወደ ደብረ ዘይትም፣ አሸዋ ሊጭን በሄደበት ሁሉ ሸኘው። ረዳቱ ቦታ አጥቶ ከጭነቱ ላይ ይቀመጣል፤ በብርድ ይንቀጠቀጣል። የበሩን እጀታ ይዞ ሌሊት የሚጠብቅ ይመስል፣ ሮበሌ ምንም ያህል ማልዶ ቢመጣ ማኑሄ ቀድሞት ተቀምጦ ያገኘዋል። ታላቅን ሰው «ይውረዱ» ማለት አይሆንም። ሮበሌ ለሚካል አንድ ቀን «ድካሙ ከጭነቱ አይደለም፤ ከእጃቸው ጋር መታገሉ ነው» አላት። እሷ ለማኑሄ ልትነግረው ሞከረች፤ «አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?» አላት።

የበልግ ዝናብ በጀመረበት ሰሞን ብሎኬት ጭነው ወደ አለም ገና ሲሄዱ መንገዱ ጠበብ ባለበት ቦታ ከፊት አውቶቡስ መጣ። ሮበሌ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ቀኝ ጠጋ አለ፤ ቦታው ይበቃ ነበር። ማኑሄ ግን የመንገዱን ጠርዝ ብቻ አየ። «ጠርዙን!» ብሎ መሪውን ይዞ ወደ ግራ ጎተተ። ሮበሌ አውቶቡሱን ሲያይ በሙሉ ኃይሉ ወደ ቀኝ መለሰው። መኪናዋ ተወላገደች፤ የቀኙ የፊት ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ብሎኬቱ ከኋላ ተንኳኳ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ የአቦን ስም ይጠራል።

ሮበሌ ሲናገር ዞሮ አላየውም።

«ጋሽ ማኑሄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ሁሉ ጠዋት አጠገብዎ ስቀመጥ ጆይስቲኩን ከእጅዎ ነጥቄ አውቃለሁ?»

«ያ ጨዋታ ነው! እዚያ ብትሞት ትነሳለህ!»

«ነጥቄ አውቃለሁ ወይ?»

«ሮበሌ፣ ይሄ መኪና ነው! እዚህ ድገም የሚባል ነገር የለም! እዚህ አንዴ ነው!»

«አዎ፣ እዚህ አንዴ ነው» አለ ሮበሌ። «ለዚህ ነው መሪ ላይ ሁለት ሰው የማይሆነው።»

የማኑሄ መፋቂያ ከአፉ ወድቋል።

«በአቦ ይዤዎታለሁ» አለ ሮበሌ። «ይውረዱልኝ።»

ወረደ። ጭቃው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ነበር። ረዳቱ እያፈረ፣ ዓይኑን እየሸሸ፣ በእሱ ቦታ ገባ። ማኑሄ መንገድ ዳር ቆሞ መኪናዋ ከቦዩ እንዴት እንደምትወጣ ለመንገር አፉን ከፈተ፤ በአንደኛ ማርሽ፣ መሪውን ወደ ግራ ጥምዝዝ አድርጎ ነበር ማውጣት ያለበት። ሮበሌ ግን ኋላ ማርሽ አስገባ። ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ፤ ጎማው ለራሱ መንገድ እስኪቆፍር ወዘወዛት። ማኑሄ ይህን አላስተማረውም። መኪናዋ ወጣች፤ ጥቁር ጭስ ትታ ሄደች።

በእግሩ ነበር የተመለሰው። ቤት ሲደርስ ለአፀደ «ከመኪና አወረደኝ፤ እኔን!» ብሎ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ወደቀ። ለቀናት ጌም ቤቱ በር ላይ አልተቀመጠም። ተጫዋቾቹ በተራ ተጣልተው አንድ አግዳሚ ሰበሩ። አፀደ ልታባብለው ብትሞክር «ሂጂ» አላት። ሚካል ስትገባ ደግሞ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«እኔ እኮ ክፉ አላሰብኩበትም» አለ ለግድግዳው።

«ማንም ክፉ አሰብክ አላለም» አለች ሚካል።

«ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው? መጠንቀቄ?»

«እሱ የሚያየውን አለማየትህ።»

«እኔ ያላየሁትን መንገድ እሱ የት ያየዋል!»

ሚካል በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሮበሌ በርበሬ ሊጭን ወደ ቡታጅራ ሄደ። በሄደበት ቀን ማታ ከባድ ዝናብ ዘነበ። ይመለሳል በተባለበት ቀን አልመጣም። ወሬው ማኑሄ ጋ የደረሰው ሚካል ወተት ልትቀዳ እነ ሮበሌ ቤት ሄዳ ስትመለስ ነው። ወዲያው ከአልጋው ተነሳ። ኦቦ ነገሪ ጋ ሄደ፤ ኦቦ ነገሪ ግቢያቸው ውስጥ ለጥጃ ሣር እያጨዱ ነው።

«ሰው ይላክ» አላቸው። «ጎርፍ ወስዶት ይሆናል። እዚያ መንገድ ላይ የሚያንሸራትት ቀይ አፈር አለ፤ እሱን አልነገርኩትም።»

«ይመጣል» አሉ ኦቦ ነገሪ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ሣሩ ግን መታጨድ አለበት።»

ማኑሄ ከእሳቸው ግቢ እስከ ዋናው መንገድ ሲመላለስ ዋለ። ከአለም ገና የሚመጣ ጭነት መኪና ሲያይ እጁን እያወዛወዘ ያስቆማል፤ ግማሹ ሾፌር አይቆምለትም፤ የቆሙትም ምንም አላዩም። የሚያደርገው ነገር አጣ። የሚነጥቀው መሪ የለም፤ የሚጮህበት ጆሮ የለም። መንገዱ ዳር ያለች ቃሪያ ሻጭ «ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ራሴን አዞሩት» አለችው።

መኪናዋ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ጆንያዎቿ በሸራ ተሸፍነዋል፤ ሮበሌ ፊቱ በአቧራና በድካም ጠቁሯል። ማኑሄ ሰላም አላለውም። ዓይኑ በቀጥታ የቀኙ ስፖኪዮ፣ የኋላ ማያው መስታወት፣ የነበረበት ቦታ ላይ አረፈ፤ ብረቱ ብቻ ቀርቷል።

«የት ሰበርከው?»

«ደህና ነዎት ጋሽ ማኑሄ?»

«የት ሰበርከው አልኩህ? ቀኝህን ጠብቅ ብዬህ አልነበረም? ስንቴ ነገርኩህ?»

ሮበሌ ወርዶ በሩን ዘጋ። «አንድ ገበያ ውስጥ ነው። ጋሪ ከፊቴ ገባ። ወደ ቀኝ ጠጋ ብዬ ግንብ አስነካሁት።»

«ስንተኛ ማርሽ ላይ ነበርክ?»

«ሦስተኛ።»

«ሁለተኛ መሆን ነበረበት! ገበያ ውስጥ ሦስተኛ! ሁለተኛ ላይ ብትሆን ትቆም ነበር!»

«ብቆምማ ከኋላዬ አውቶቡስ ተጠግቶኝ ነበር፤ ይወጣብኝ ነበር።»

ማኑሄ አውቶቡሱን አላየውም፤ እዚያ አልነበረም። ንዴቱ ግን አልበረደም፤ መሄጃ አጣ እንጂ።

«ስለ አውቶቡሱ ቀድመህ አትነግረኝም?»

«መቼ አስጨረሱኝ?»

ረዳቱ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ጎማዎቹ ዞረ። ማኑሄ አጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «በል ንገረኝ» አለ ተኮሳትሮ። «ከአለም ገና ጀምር። ሳትዘል።»

ሮበሌ ደክሞት ነበር፤ ቢሆንም ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ ነገረው። የቀዩን አፈር፣ የተደረመሰውን ድልድይ፣ ውኃው እስኪጎድል ሰዎች ጋ ማደሩን፣ ወንዙን በየት በኩል እንደተሻገረ ነገረው። ማኑሄ በየመሐሉ «ለምን?» እያለ ያቋርጠዋል፤ አንዳንዱ ላይ «ስህተት ነው» ይላል፤ አንዳንዱ ላይ ዝም ይላል። ፀሐይ አዘቅዝቃ ኦቦ ነገሪ ወተት አስይዘው እስኪመጡ አልተነሱም።

ማኑሄ ከዚያ ወዲያ የሮበሌ ጋቢና ውስጥ አልገባም። መንጃ ማሠልጠኛ ውስጥ አልተቀጠረም፤ ጌም ቤቱ በር ላይ መቀመጡንም ቀጠለ። አንዳንድ የሰፈር ሰው መንዳት ልማር ሲለው በተገኘው መኪና ያስተምራል። ከነዚህ አንዷ ፀሐይወርቅ የምትባል ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነበረች፤ ለእሷ ሲል ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ይቀመጥ ነበር አሉ። መንጃ ፈቃዷን ያገኘች ዕለት ከመኪናው ወርዶ በሩን በኃይል ዘጋ።

«ተማሪዎ ሲያልፍ ደስ አይልዎትም?» አለችው በመስኮት።

«ደስ ይላል የሚል ሰው አስተምሮ አያውቅም» አላት። «ሂጂ አሁን፤ ከኋላሽ ታክሲ መጥቷል።»